ጥቂት የጓሮ ጽጌረዳ በቅጠል ታጅቦ ሙሉ እቅፍ ይሆናል

በምሥራቅ ጎጃም የአዋበል ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ሉማሜ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። አካባቢው በይበልጥ የጤፍና የስንዴ አገር ቢሆንም ቀዝቀዝ ያለው አየር ለጽጌረዳም ይስማማል። ይሁን እንጂ በጓሮ ጥግ የተተከለ አንድ ወይም ሁለት እግር ጽጌረዳ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ጥቂት አበባ ነው። ለሠርግ፣ ለምረቃ ወይም ለበሽተኛ ጥየቃ እቅፍ አበባ ሲፈለግ አራትና አምስት ራስ ጽጌረዳ ብቻውን ስስ ሆኖ ይታያል።

ይህን ጉድለት ለመሸፈን ዘንጉን አስረዝሞ መቁረጥ ተክሉን ይጎዳል። በዝዋይና በሆለታ ለውጭ ገበያ የሚያመርቱ እርሻዎች ጽጌረዳን በዘንግ ርዝመት ደረጃ እያወጡ እንደሚሸጡ ይታወቃል። የእነርሱ ተክል ግን ውኃና ማዳበሪያ በቧንቧ የሚቀርብለት ነው። የጓሮው ተክል ምግቡን የሚያዘጋጀው ባለው ጥቂት ቅጠል በመሆኑ፣ ዘንጉ በረዘመ ቁጥር ቅጠሉ አብሮ እየሄደ ቀጣዩ አበባ ይዘገያል፤ ቁጥሩም ያንሳል።

በመሆኑም ከተቆረጠው ዘንግ በታች፣ አምስት አምስት ሆነው የተሰካኩ ቢያንስ ሁለት ቅጠሎች በተክሉ ላይ መቅረት አለባቸው። ደጋግሞ የሚያብብ ዓይነት ከሆነ፣ አየሩ ሲስማማው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ውስጥ ዳግመኛ ያብባል። የዘንጉን ማጠር የሚክሰው የጓሮ ቅጠል ነው።

ቅጠሉ ከየት ይገኛል?

በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣው ነጭ ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ከጉቶው የሚያቆጠቁጠው ለጋ ቅርንጫፍ ክብና አመድማ ቅጠል አለው። ይህ ቅጠል በውጭ አገር የአበባ መደብሮች ሳይቀር ይሸጣል። አደስ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ለረጅም ቀን ሳይጠወልግ ይቆያል። የጥብስ ቅጠልና አሪቲ መዓዛ ይጨምራሉ። የእንስላል ቀጭን ቅጠል ደግሞ በአበቦቹ መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላል። የአገራችን የዱር ጽጌረዳ የሆነው ቀጋ አበባው ቶሎ ቢረግፍም፣ የቀላው ፍሬው ከነቅርንጫፉ ለእቅፉ ጌጥ ይሆናል።

ጤና አዳም መልኩም ሽታውም ያማረ ቢሆንም ጥንቃቄ ያሻዋል። ጭማቂው የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያርፍበት ውኃ ሊቋጥር ስለሚችል ከቆረጡ በኋላ እጅን መታጠብ ይገባል። ለሕፃናት በሚሰጥ እቅፍ ውስጥ ባይገባ ይመረጣል። አደስና ጤና አዳም ለቤት ፍጆታና ለገበያም የሚውሉ በመሆናቸው፣ በአንድ ጊዜ ከቁጥቋጦው ሲሶ በላይ አለመቁረጥ ይበጃል።

አቆራረጡና አስተሳሰሩ

አበባውም ቅጠሉም የሚቆረጠው ማለዳ፣ ፀሐይ ሳይበረታ ነው። ገና ያልፈነዳ፣ ነገር ግን ጫፉ መፈታት የጀመረ እንቡጥ ይመረጣል። ዘንጉ በተሳለ ቢላዋ አግድም ሰያፍ ተቆርጦ ወዲያው ውኃ በያዘ ባልዲ ውስጥ ይገባል፤ ጥላ ሥርም ለጥቂት ሰዓታት ይቆያል። ከውኃው በታች የሚውል ቅጠል ሁሉ ይነቀላል፤ አለበለዚያ በስብሶ ውኃውን ያበላሻል።

ሲታሰር በመጀመሪያ ሰፋፊው ቅጠል በአንድ አቅጣጫ እየተጠላለፈ በእጅ ይያዛል። ቀጥሎ ጽጌረዳው ከቅጠሉ ጥቂት ከፍ ብሎ ይሰካል፤ በመጨረሻም ቀጫጭኑ ቅጠል ክፍተቱን ይሸፍናል። በቃጫ ታስሮ ጫፉ እኩል ይከረከማል። ወደ ደብረ ማርቆስ የሚላክ ከሆነ ጫፉን በእርጥብ ጨርቅ መጠቅለል ያስፈልጋል። ቤት ከደረሰ በኋላ ውኃው በየሁለት ቀኑ ይለወጥ፤ አበባውን ቶሎ ከሚያጠወልገው የበሰለ ሙዝና ከጭስም ይራቅ።

በዚህ ዓይነት አምስት ራስ አጭር ጽጌረዳ ለስጦታ የሚበቃ፣ ገበያ ቢወጣም የማያሳፍር እቅፍ ይሆናል። ተክሉም ቅጠሉ ስለተረፈለት ለሚቀጥለው ድግስ የሚሆን እንቡጥ ያዘጋጃል።