«ሃኒ» ለማን ነው የሚባለው?

ከሺፍት ወጥቼ መኪና ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው፤ ቤት ገብቼ ከበረደልኝ አልጽፈውም። አንዲት አዲስ የተቀጠረች የእኛ ልጅ፣ ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ናት፣ ዕድሜ ልካቸውን ዳኛ የነበሩ አዛውንት ስታበላ «ሃኒ፣ አፍህን ክፈት» አለቻቸው። ሳህኑን ገፈተሩት። ቻርታቸው ላይ «እንክብካቤ እምቢ ይላል» ተብሎ ተጻፈ። ጠርቼ ስጠይቃት «ማሬ እንደማለት ነው፣ ቴሌግራም ላይ ተምሬው ነው» አለችኝ።

እንግሊዝኛ አስተማሪ ነን የምትሉ፣ «ሃኒ ማለት የኔ ማር» ብሎ ልብ ለጥፎ ማለፍ ማስተማር አይደለም። ማን ለማን ይለዋል?

1. ባልና ሚስት፣ ፍቅረኛሞች፣ ወላጅ ለልጁ። ይሄ ግልጽ ነው።

2. በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች የምግብ ቤት አስተናጋጇ ለማታውቀው ደንበኛ ትለዋለች። ወዳው አይደለም፣ ወግ ነው። እዚሁ ጎረቤታችን ባልቲሞር «ሃን» ብለው ያሳጥሩታል፤ ከ1994 ጀምሮ በስሙ ፌስቲቫል አለው። አንዲት የካፌ ባለቤት ቃሉን የንግድ ምልክቷ አድርጋ አስመዝግባ፣ ከተማው ተነሥቶባት በ2011 ለቀቀችው። ግን ልብ በሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ይህን የምትለው ጠና ያለች ሴት ናት። ጎረምሳ ለማያውቃት ሴት ሲለው ሌላ ነገር ነው።

3. ለሥራ ባልደረባ አይባልም። ወንዶች፣ ኤችአር ቢሮ ቁጭ ብላችሁ «በባህላችን እኮ» ማለት አያድናችሁም።

ደግሞ ድምፅን ዝቅ አድርጎ «ኦ ሃኒ...» የሚባል አለ። እሱ «አይ ምስኪን፣ ገና አልገባሽም» ነው። ቁጥሩን ተዉት፣ ወደሚያቃጥለኝ ልምጣ።

ትልቅን ሰው እንደ ሕፃን ማናገር በሙያችን ስም አለው፤ ኤልደርስፒክ ይባላል። በ2009 የወጣ የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ጥናት የመርሳት ችግር ያለባቸውን የነርሲንግ ሆም ነዋሪዎች በቪዲዮ ቀርጾ ነበር። እንደ አዋቂ ሲያናግሯቸው እንክብካቤ እምቢ የማለት ዕድላቸው 26 በመቶ ነበር፤ እንደ ሕፃን ሲያናግሯቸው 55 በመቶ ሆነ። «አስቸጋሪ» ብለን የምንጽፍባቸውን ሰዎች ግማሽ መንገድ የምናስቸግራቸው እኛ ነን!

የሚገርመኝ፣ ያቺ ልጅ አገሯ ብትሆን እኚህን ሰው «አንተ» ለማለት አፏ አይታዘዛትም። እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም ያላት ማነው? «ሚስተር»፣ «ሚስ»፣ «ሰር»፣ «ማም» ምን ሊሠሩ ነው?

የሲኤንኤ ማሠልጠኛዎቹስ? የፌዴራል ሕጉ ቢያንስ 75 ሰዓት ሥልጠና ይላል፤ የነዋሪ ክብርም በ1987 በወጣው የነርሲንግ ሆም ሕግ መብት ሆኗል። እነሱ ግን ደም ግፊት ማስለካት፣ የፈተና ጥያቄ ማስሸምደድ፣ ብር መቀበል፣ አለቀ። አሠሪው ደግሞ ለአንድ ፎቅ የሚበቃ ሰው አይመድብም። ስም ለመያዝ ጊዜ ያጣ ሠራተኛ ሁሉንም «ሃኒ» ብሎ ይገላገላል። ነባሮቹ ፈረንጆችም እንዲሁ ያደርጋሉ፤ እነሱ ስላሉት ትክክል አይሆንም።

ስለዚህ አዲስ የምትገቡ ልጆች፣ በመጀመሪያው ቀን «ምን ብዬ ልጥራዎት?» ብላችሁ ጠይቁ። «ሃኒ በይኝ» ካሉ በሉ፣ የሚወዱም አሉ። እስኪነግሯችሁ ድረስ ሚስተር ወይም ሚስ፣ ከነቤተሰብ ስማቸው። ያንን ልብ የለጠፋችሁበትን ትምህርት ደግሞ ዛሬውኑ አጥፉት።