የደፈረሰ የቧንቧ ውኃ፦ መንስኤውን መለየትና በቤት ውስጥ ማከም

በፈረቃ የሚታደል የቧንቧ ውኃ ለቀናት ጠፍቶ ሲመለስ ብዙውን ጊዜ ጥርት ብሎ አይወርድም። አንዳንዴ ወተት ጠብ ያለበት ይመስል ይነጣል፤ አንዳንዴ የክረምት ጎርፍ ይመስላል፤ አንዳንዴም የዝገት ቀለም ይዞ ይመጣል። በብዙ ቤቶች ታዲያ ሁሉም በአንድ ዓይን ይታያል፦ ወይ እስኪጠራ ድረስ ይደፋል፣ ወይ ሌሊቱን አድሮ ከላይ የጠለለው ይጠጣል። የመጀመሪያው ስንት ቀን የተጠበቀን ውኃ ማባከን ነው። ሁለተኛው በተለይ ለሕፃናት አደገኛ ነው።

መንስኤውን በግርድፉ ለመለየት ላቦራቶሪ የግድ አያስፈልግም። በተለምዶ «ሃይላንድ» የምንለውን ግልጽ የፕላስቲክ ጠርሙስ በውኃው ሞልቶ ብርሃን ባለበት ቦታ ማስቀመጥና ጥቂት ደቂቃ መመልከት ብዙ ይነግራል። ነጣ ያለው ውኃ ከታች ወደ ላይ እየጠራ ሄዶ በደቂቃዎች ውስጥ ጥርት ካለ፣ ያደፈረሰው አየር ነው። ውኃ ሲቋረጥ ቧንቧው በአየር ይሞላል፤ ውኃው በግፊት ሲመለስ ከአየሩ የተወሰነው በውስጡ ይሟሟል። ከቧንቧው ሲወጣ ግፊቱ ስለሚቀንስ፣ አየሩ የለስላሳ ጠርሙስ ሲከፈት እንደሚታየው በጥቃቅን አረፋ መልክ ይለቀቃል። አረፋው በራሱ ጉዳት የለውም።

ድፍርሱ ቡናማ ሆኖ በጠርሙሱ ወለል ላይ ቀስ እያለ ከዘቀጠ ግን አፈር ነው። ቀይማ ወይም ብርቱካናማ ከሆነና ነጭ ልብስ ላይ የዝገት ምልክት ከተወ ብረት ነው፤ ምንጩም አብዛኛውን ጊዜ ያረጀ የብረት ቧንቧ ነው። ከጉድጓድ የሚሳብ ውኃ ደግሞ በተፈጥሮው የሟሟ ብረት ሊኖረው ይችላል። እንዲህ ያለው ውኃ ሲቀዳ ጥርት ያለ ሆኖ አየር ሲያገኘው ከቆይታ በኋላ ይቀላል። ሻይ ሲፈላበት ያለወትሮው መጥቆሩም ሌላው ምልክት ነው፤ በሻይ ቅጠል ውስጥ ያለው ታኒን ከብረት ጋር ሲገናኝ ጥቁር ቀለም ይፈጥራልና። በማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት የካልሲየም ውጤት በመሆኑ ለጤና አያሰጋም።

ከእነዚህ ሁሉ ትልቁን ትኩረት የሚሻው አፈሩ ነው። እንደ ጎንደሩ አንገረብ ካሉ በደለል ከተቸገሩ ግድቦች ውኃ የሚያገኙ ከተሞች በክረምት ጭቃ የበዛበት ውኃ ይገጥማቸዋል። የሸክላ አፈር ቅንጣቶች እጅግ ደቃቅ ከመሆናቸውም በላይ ሁሉም አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸው እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ ስለዚህ ተያይዘው አይዘቅጡም። አንዳንድ ውኃ ሌሊቱን ሙሉ በባልዲ አድሮም የማይጠራው በዚህ ምክንያት ነው። የማጣሪያ ጣቢያዎች አሉሚኒየም ሰልፌት የሚጨምሩት ይህንን መገፋፋት ሰብረው ቅንጣቶቹን ለማጣበቅ ነው። በሱዳን በዓባይ ዳርቻ የሚኖሩ ሴቶች ለዚሁ ተግባር የሞሪንጋን ፍሬ ፈጭተው ሲጠቀሙ ኖረዋል፤ ሞሪንጋ በእኛ አገር ሽፈራው የምንለው ተክል ዘመድ ነው።

አፈሩ ከማጣሪያ ጣቢያው ያመለጠ ላይሆንም ይችላል። ውኃ በፈረቃ በሚታደልበት መስመር ግፊቱ ሲጠፋ፣ የተሰነጠቀ ቧንቧ በዙሪያው ያለውን እርጥበት ወደ ውስጥ ይስባል። በአካባቢው የመጸዳጃ ጉድጓድ ወይም የፍሳሽ ቦይ ካለ አብሮ የሚገባው አፈር ብቻ አይደለም። ውኃው በተመለሰ ጊዜ መጀመሪያ የሚወርደው ውኃ ከሁሉ ይበልጥ የሚያጠራጥረውም ለዚህ ነው። በአየር ምክንያት የነጣውም ቢሆን ከተቋረጠ መስመር የመጣ ከሆነ ሳይታከም ባይጠጣ ይመረጣል።

«ሳይደፈርስ አይጠራም» የሚለው ብሂል ለሰው ነገር ይሠራ ይሆናል፤ ደፍርሶ የጠራ ውኃ ሁሉ ግን ንጹሕ አይደለም። የውኃ ድፍርስነት የሚለካው ኤንቲዩ በሚባል መለኪያ ነው። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ማብራሪያ ድፍርስነት ለዓይን መታየት የሚጀምረው 4 ኤንቲዩ ገደማ ሲደርስ ሲሆን፣ ክሎሪን በሚገባ እንዲሠራ ግን ከ1 በታች ቢሆን ይመረጣል። በዓይናችን የጠራ የመሰለን ውኃ፣ ተሕዋስያን የሚሸሸጉባቸውን ቅንጣቶች አሁንም ተሸክሞ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ስለዚህ ሥራው ቅደም ተከተል አለው፦ መጀመሪያ ማጥራት፣ ቀጥሎ ጀርም መግደል። ውኃው እንደተመለሰ የመጀመሪያውን ለጥቂት ደቂቃ በባልዲ ተቀብሎ ለወለልና ለመጸዳጃ ቤት ማዋል ይቻላል። ለመጠጥ የተቀዳው ክዳን ባለው ዕቃ ሳይነካ አድሮ፣ ዝቃጩ ሳይበጠበጥ ከላይ ይቀዳል፤ ከዚያም ብዙ ጊዜ በታጠፈ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ይጠለላል። ጨርቅን መናቅ አይገባም፤ በባንግላዲሽ ገጠር በተደረገ ጥናት ቢያንስ አራት እጥፍ በታጠፈ አሮጌ የሳሪ ጨርቅ ውኃ ማጥለል የኮሌራን በሽታ በግማሽ ገደማ ቀንሷል። ደጋግሞ የታጠበ ጨርቅ ክሩ ስለሚሳሳና ቀዳዳው ስለሚጠብ ከአዲሱ ይሻላል። ሆኖም ጨርቅ ባክቴሪያን ሁሉ አያስቀርም።

ቀጣዩ ማፍላት ወይም ክሎሪን ነው። ውኃ ከተንደቀደቀ በኋላ 1 ደቂቃ መቆየቱ ይበቃል፤ ከ2,000 ሜትር ከፍታ በላይ ግን 3 ደቂቃ እንዲቆይ ይመከራል። በደብረ ብርሃን ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሆነ፣ በሙቀት የጎደለው በጊዜ ይካካሳል። ከሰል በተወደደበት ጊዜ እንደ ውኃ አጋር ያለ የክሎሪን ውኅድ የተሻለ አማራጭ ነው። መጠኑ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መሠረት ይሁን፤ ከተጨመረ በኋላም ቢያንስ 30 ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል። ጭቃ ክሎሪኑን ስለሚጨርሰው በድፍርስ ውኃ ላይ መጨመር ገንዘብ ማባከን ብቻ ሳይሆን ሐሰተኛ መተማመንም ይፈጥራል። ሽታ የተጨመረበት የልብስ በረኪና ለመጠጥ ውኃ አይሆንም።

ጎረቤት ጥርት ያለ ውኃ እያገኘ የእርስዎ ብቻ ከደፈረሰ፣ ጥፋቱን በግቢዎ ይፈልጉ። አብዛኛውን ጊዜ ተጠያቂው ሮቶው ነው። የማጠራቀሚያው መውጫ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ስለሚል ደለሉ ከሥር ይከማቻል፤ ማጠራቀሚያው ሊያልቅ ሲል ወይም አዲስ ውኃ በኃይል ሲገባ ይበጠበጣል። ባዶ አድርጎ መፈግፈግ፣ ዝቃጩን ጠርጎ ማውጣት፣ በክሎሪን ማጠብና ክዳኑ በሚገባ መግጠሙን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። እጅ የማይገባበትን ጀሪካን ጠጠርና ሳሙና ጨምሮ መነቅነቅ ያጸዳዋል።

መንደሩ በሙሉ ከደፈረሰበት ወይም ውኃው የፍሳሽ ሽታ ካለው ግን ጉዳዩ የቤት ውስጥ አይደለም፤ ለከተማው የውኃና ፍሳሽ አገልግሎት ወዲያውኑ መነገር አለበት። ሲያመለክቱ ውኃው የተመለሰበትን ሰዓት፣ ቀለሙንና ሽታውን፣ ስንት ቤት እንደተነካ፣ በአቅራቢያም የተቆፈረ መንገድ ወይም የሚያፈስ ቧንቧ ካለ ቦታውን መጥቀስ ሠራተኞቹ ስብራቱን ቶሎ እንዲያገኙ ይረዳል። መስመሩ እስኪጠገን ድረስ የሕፃናትን ወተት ለመበጥበጥም ሆነ ጥሬ አትክልት ለማጠብ ተፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ ይጠቀሙ።