የመፀው ሥራ ብዛትና የወንዶች ልጆቻችን ጤና

የክረምቱ ዝናም ካባራ በኋላ መስከረም 26 ቀን የሚገባውና እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን የሚቆየው የመፀው ወራት በአገራችን እጅግ ያማረ ዘመን ነው። ጭቃው ይደርቃል፤ ሰማዩ ይጠራል፤ እሸቱ ይደርሳል። ነገር ግን ይኸው ያማረ ዘመን ለቤተ ሰብ ከሁሉ ይልቅ ሥራ የሚበዛበት ዘመን ነው። አባት ከገብሱ አጨዳ ወደ ጤፉ ይዛወራል፤ እናት ለአጫጆቹ እንጀራ ስትጋግር፥ ጠላ ስትጠምቅ፥ ምሳ ስታደርስ ትውላለች፤ ታላቁ ልጅ ደብተሩን ይዞ ትምህርት ቤት ይገባል፤ መካከለኛው ጥጃ ያግዳል ወይም ማማ ላይ ወጥቶ ወፍ ይጠብቃል፤ ታናሹም የሚከታተለው ሰው አጥቶ በደጅ ሲድኽ ይውላል።

በውጭ አገር ትምህርታችንን ስንከታተል የመፀው ወራት ቅጠል የሚረግፍበትና ብርድ የሚጀምርበት፥ ሕፃናትም በጉንፋን የሚያዙበት ዘመን መሆኑን ተምረናል። የእኛ መፀው ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ክረምቱ በየጉድጓዱ ትቶት የሄደው ውኃ የወባ ትንኝ ይፈለፍላል፤ ዝንብ ይበዛል፤ ወንዙ ጐርፉ ጐድሎለት ልጆችን ለዋና ይጋብዛል። ስለዚህ የወላጅ ዐይን ከልጆች ላይ የሚነሣበትና በሽታ የሚበረታበት ጊዜ አንድ ይሆናል ማለት ነው። በዚህ ወር ጽሑፋችን ስለዚህ ነገር፥ በተለይም ወንዶች ልጆች ስላሉበት ቤት፥ ጥቂት ልናስረዳ እንወዳለን።

አስታጣቢው ልጅ

በአገራችን ልማድ ማዕድ ከመቅረቡ በፊት ከቤቱ ልጆች አንዱ ማንቆርቆሪያና ሳፋ ይዞ ለአባቱና ለእንግዶች እጅ ያስታጥባል። ይህ ልማድ የጨዋነት ምልክት ከመሆኑም በላይ፥ ለንጽሕና ትምህርት ከአባቶቻችን የተቀበልነው ትልቅ መሠረት ነው። ነገር ግን አንባቢ አንድ ነገር ያስተውል፤ አስታጣቢው ልጅ ራሱ መቼ ይታጠባል?

ብዙ ጊዜ አይታጠብም። ጥጃ ሲያግድ፥ በረት ሲጠርግ፥ በእርሻው ዳር ተቀምጦ የባቄላ እሸት ሲፈለፍል በዋለበት እጁ ማንቆርቆሪያውን ያነሣል፤ የታላላቆቹን እጅ ያነጻል፤ ሳፋውን ደፍቶ ይመለስና በዚያው እጁ ከወንድሞቹ ጋር ይበላል። ለታናሽ ወንድሙም በፍቅር ያጐርሰዋል። ከበረት ወይም ከሜዳ የተነሣው የተቅማጥ ጀርም ወደ ሕፃኑ አፍ የሚደርስበት መንገድ ይኸው ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሁሉም ከታጠበ በኋላ አባት ማንቆርቆሪያውን ከልጁ እጅ ተቀብሎ በተራው ለልጁ ያፍስስለት። ይህን ማድረግ የአባትን ክብር ዝቅ አያደርግም፤ ልጁ ግን የአባቱን ሥራ እያየ የእጅ መታጠብን ነገር ዕድሜውን ሙሉ አይረሳውም።

ውኃ ብቻውን እንደማይበቃም ማወቅ ይገባል። ጀርም የሚጣበቀው በእጅ ላይ ካለው ቅባትና እድፍ ጋር ስለሆነ፥ ይህን የሚያላቅቀው ሳሙና ነው። እጅን በሳሙና መዳፍ ለመዳፍ፥ በጣቶች መካከልና ከጥፍር ሥር 20 ሰከንድ ያህል ማሸት ያስፈልጋል። ሳሙና በሌለ ጊዜ ንጹሕ አመድ ከባዶ ውኃ ይሻላል። ከመጸዳጃ ቤት ደጃፍም አንድ ትንሽ ጀሪካን ከታች በኩል በስታ፥ ቀዳዳዋን በእንጨት ወትፋ ብታንጠለጥሉ፥ ልጆቹ ማንንም ሳይጠሩ ለመታጠብ ይችላሉ።

የልጆች ፊትም እንደ እጃቸው ሊታሰብበት ይገባል። የዐይን ማዝ ወይም ትራኮማ የሚባለው በሽታ በዐይን ፈሳሽና በንፍጥ አማካይነት ከልጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ የሚያዛምቱትም እጅ፥ በጋራ የሚጠረጉበት ጨርቅና ዝንብ ናቸው። በሽታው እየተደጋገመ ከያዘ፥ ከብዙ ዓመት በኋላ የዐይን ቆብ ጠባሳ ሠርቶ ወደ ውስጥ ይዞራል፤ ሽፋሽፍቱም ብሌኑን እየፋቀ ያሳውራል። ይህን በሽታ የሚያመላልሰው ዝንብ የሚራባው በሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዐይነ ምድር ስለሆነ፥ ጧት ጧት ፊት መታጠብና መጸዳጃ ቤት መቆፈር ተነጣጥለው የማይታዩ ሥራዎች ናቸው።

ወንዝና ወንዶች ልጆች

ከትምህርት ቤት መልስ ወንዶች ልጆች ልብሳቸውን ጥለው ወንዝ መግባታቸው በሁሉ ስፍራ የታወቀ ነው። በአንዳንድ ወንዞችና ሐይቆች ዳር ግን ቢልሃርዚያ የሚባል በሽታ አለ። የታመመ ሰው ዐይነ ምድሩን ወይም ሽንቱን በውኃ ዳር ሲጥል የትሉ እንቁላል ወደ ውኃው ይገባል፤ የተፈለፈለውም በትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ሰውነት ውስጥ አድጎ ይወጣል፤ ከዚያም በሚዋኘው ልጅ ቈዳ ሰርስሮ ይገባል። በጊዜ ያልታከመ እንደ ሆነ አንጀትንና ጉበትን ይጐዳል፤ ልጁንም ደም አሳጥቶ ለትምህርት ያደክመዋል።

በዚህ ነገር የአገራችን ሰው ለዓለም ያበረከተው ዕውቀት መኖሩን ልጆቻችን ቢያውቁ መልካም ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ ስለ ቢልሃርዚያ ሲመረምሩ፥ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ ብዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ነገሩን ተከታትለው እንዶድ ቀንድ አውጣን የሚገድል ኀይል እንዳለው አስረዱ። በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀብለዋል። እናቶቻችን ለልብስ ነጭነት ሲሉ ለብዙ ዘመን የተጠቀሙበት ተክል እንዲህ ያለ ምስጢር ኖሮበታል። ይሁን እንጂ እንዶድ መርዝነት ያለው ስለሆነ ሕፃናት እንዳይቀምሱት መጠንቀቅ ይገባል፤ ለታመመውም ልጅ መድኃኒት ሊሆን አይችልም። ልጁን የሚያድነው ከጤና ጣቢያ ወይም በትምህርት ቤት የሚሰጠው ክኒን ነው። በሽታው ባለበት አገር ልጆች እንዳይዋኙ መከልከል፥ ማንም ሰው በውኃ ዳር እንዳይጸዳዳ ማስተማርም የወላጆች ድርሻ ነው።

የታናሹ ልጅ አደጋ

ሦስት ወንዶች ልጆች ያሉት አንድ አባት በአጨዳ ወራት የሁለት ዓመት ልጁን ታቅፎ ወደ ጤና ጣቢያ መጣ። ሕፃኑ ተቅማጥ ከጀመረው ሦስተኛ ቀኑ ነበረ። ዐይኑ ጐድጕዷል፤ ከንፈሩ ደርቋል፤ ሲያለቅስ እንባ የለውም፤ የሆዱ ቈዳ ሲቈነጠጥ ቶሎ አይመለስም።

«ጌታዬ፥ እስከ ዛሬ ለምን ቈዩ?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ልጄን ጠልቼው አይደለም፤ ሰማዩ ጠቍሮ ነዶው ሜዳ ላይ ነበረ። እሱን ዝናም ከመታብኝ የቀሩት ሁለቱ ምን ይበላሉ ብዬ ነው» አሉን።

ሕፃኑ በደም ሥሩ ፈሳሽ ተሰጥቶት በእግዚአብሔር ቸርነት ዳነ። ግማሽ ቀን ቢዘገዩ ግን ባልደረሰም ነበር። እኚህን አባት ልንወቅሳቸው አንደፍርም፤ ያለ ወራቱ የሚጥል ዝናም የዓመት ልፋትን በአንድ ሌሊት እንደሚያበላሽ የማያውቅ የለምና። የልጁ ሕይወትና የቤቱ እህል በአንድ ቀን ሲፈተኑ «ሥራውን ተወው» ብሎ መምከር ብቻ አይበቃም፤ ሁለቱም እንዲድኑ መንገድ ማሳየት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው መንገድ በቤት ውስጥ የሚደረገው ነው። ተቅማጥ ሕፃናትን የሚገድለው በአብዛኛው የሰውነታቸውን ውኃና ጨው ስለሚያሟጥጥ ነው። ስለዚህ አጨዳ ሳይጀመር ሕይወት አድን የሚባለውን የኦ አር ኤስ ከረጢት ከጤና ኬላ ተቀብሎ በቤት ማስቀመጥ ይገባል። አንዱ ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ፥ ይኸውም ግማሽ ሊትር በሚይዝ ጠርሙስ ሁለት ጊዜ በተለካ ውኃ ይበጠበጣል። ከሁለት ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ባስቀመጠው ቍጥር አንድ የቡና ስኒ ግድም፥ ከዚያ በላይ ለሆነው አንድ የሻይ ብርጭቆ ያህል በጥቂት በጥቂቱ ይሰጠዋል። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ቈይቶ እንደ ገና ቀስ እያሉ ማጠጣት ነው። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በላይ ከቈየ ይደፋ። የዚንክ ክኒንም ለ10 ቀን ይሰጠዋል፤ መጠኑን የጤና ሠራተኛው ይነግራችኋል። ጡትና ምግብ መከልከል ግን ሕፃኑን ያደክመዋል እንጂ አይጠቅመውም።

ሰገራው ደም የቀላቀለ፥ መጠጣት ያቃተው፥ የፈዘዘ ወይም ዐይኑ የጐደጐደ ሕፃን ግን በቤት አይቈይም፤ ያጠጡት እየሄዱ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ያድርሱት።

«ወንድ ነውና ይቻለው»

ወንዶች ልጆችን «ወንድ አያለቅስም» እያልን እናሳድጋለን። በዚህም የተነሣ ስድስትና ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ ራሱን እያመመው፥ እየበረደውም ከብቱን ተከትሎ ይሄዳል። ትኩሳቱ የሚታወቀው ማታ ሲወድቅ ነው። ጀግንነትን ማስተማር መልካም ቢሆንም፥ ሕመምን መናገር ፈሪነት እንዳልሆነም አብሮ ማስተማር ግድ ነው።

በአገራችን ወባ የሚበረታው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ፥ አብዛኛውን ጊዜም ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በታች ባለው አገር ነው። በዚህ አገር የሚኖር ልጅ ትኩሳት ከያዘው 24 ሰዓት ሳይሞላ ደሙ መመርመር አለበት፤ አንዱ ዐይነት ወባ በአንድና በሁለት ቀን ወደ አንጐል ወጥቶ ይገድላልና። አጎበር ለእህል መሸፈኛ አይደለም፤ በአውድማ ለሚያድረው አባትም ሆነ በቤት ለሚተኙት ልጆች ይዘርጋ።

የከተማ ነዋሪዎችም «ወባ የገጠር ነው» ብለው አይዘናጉ። በ2009 ዓ.ም. በቀብሪ ደሃር የተገኘችው አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የተባለች ትንኝ በበርሜልና በውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የምትፈለፈል ናት። ስለዚህ በርሜሉን መክደንና በየሳምንቱ ፍቆ ማጠብ ያስፈልጋል።

ኅዳር 12 ቀን

ኅዳር 12 ቀን በአዲስ አበባና በሌሎችም ስፍራዎች ሕዝቡ ጥራጊውን በየደጁ ያቃጥላል፤ «ኅዳር ሲታጠን» ይባላል። ይህም በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ የፈጀው የኅዳር በሽታ መታሰቢያ ነው። በዚያ ጊዜ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኰንን ሳይቀሩ ታመው ድነዋል። ያ በሽታ በትንፋሽ የሚተላለፍ ኢንፍሉዌንዛ ስለ ነበረ ጥራጊ ያመጣው አልነበረም፤ ቢሆንም ግቢን በአንድነት የማጽዳት ልማድ ሊጠበቅ የሚገባው ነው። ዛሬ ግን በጥራጊው ውስጥ ፕላስቲክ ስለሚገኝ ጭሱ የሕፃናትን ሳንባ ይጐዳል። ስለዚህ ፕላስቲኩን ለይቶ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎች መስጠት፥ የሚበሰብሰውን መቅበር፥ ውኃ የሚያቍሩትን ጣሳዎችና አሮጌ ጎማዎች ማስወገድ ከማጠኑ ይበልጣል። ይህንም ሥራ ወንዶች ልጆች በደስታ የሚሠሩት ነው።

በወንፈል ስለ መረዳዳት

አሁን ወደ ዋናው ምክራችን እንመለስ። ከላይ የጠቀስናቸው አባት የቸገራቸው የመድኃኒት ማጣት ወይም የፍቅር ጕድለት ሳይሆን የሰው እጅ ማነስ ነበረ። ለሰው እጅ ማነስ ደግሞ ሕዝባችን ከጥንት ጀምሮ መፍትሔ አለው፤ ይኸውም ወንፈል ነው። ዛሬ የእገሌ፥ ነገ የእገሌ እየተባለ እርሻው ሁሉ በተራ ይታጨዳል፤ የሠራም ሰው ቀኑ ይቈጠርለታል።

እንግዲህ የወንፈል ባልደረቦች ወራቱ ሳይገባ ሲሰበሰቡ፥ «በአጨዳ ቀን የማንም ልጅ ቢታመም ከመካከላችን አንዱ ከእናቱ ጋር ወደ ጤና ጣቢያ ያደርሰዋል፤ የዋለበትም ቀን እንደ አጨዳ ቀን ይቈጠርለታል» ብለው ቢዋዋሉ፥ ወጪ የለበትም፤ ከልማዳችንም ውጭ አይደለም። ማን ተራ እንደሆነ፥ በቅሎ ወይም ባጃጅ ከማን እንደሚገኝ አስቀድሞ ይወሰን። አባት ነዶውን ሳይጥል፥ ሕፃኑም ቀን ሳያልፍበት ሐኪም ዘንድ ይደርሳል።

ውድ አንባቢዎቻችን ሆይ፥ ጤፍ በዚህ ዓመት ቢበላሽ በሚመጣው ዓመት ይዘራል፤ የሞተ ልጅ ግን አይተካም። ይህን ጽሑፍ ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶቻችሁ በዕድራችሁና በማኅበራችሁ እንድታነቡላቸው፥ በወንፈላችሁም የታመመ ልጅ የሚያደርስ ሰው ከአሁኑ እንድትመድቡ በአክብሮት እንለምናለን።