የሰርጓጅ መርከብ መቀናጆ፦ ዝናብ ሲመጣ የማን ማሳ ይቀድማል?

መጋቢት 3 ቀን 2011 ዓ.ም. የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ኢማኑኤል ማክሮን ከጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ጋር በላሊበላ ተገኝተው ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱን ጎበኙ። ፈረንሳይ ለቅርሶቹ ጥበቃ እንደምታግዝም ቃል ገቡ። በዚያው ዕለት ማምሻውን አዲስ አበባ ላይ ሁለቱ አገሮች የመከላከያ ትብብር ስምምነት ፈረሙ። ከስምምነቱ ዋና ነጥቦች አንዱ ፈረንሳይ የኢትዮጵያን ባሕር ኃይል መልሶ በማቋቋም እንድትረዳ መንገድ መክፈቱ ነበር።

ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ለሚኖረው የላስታ ሰው የጦር መርከብ ጉዳይ የሩቅ ወሬ ሊመስለው ይችላል። ይሁን እንጂ የመርከብ ግዢ ዋናው ጥያቄ ለላስታ ገበሬ አዲስ አይደለም። አንድ አንድ በሬ ብቻ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች መቀናጆ ገብተው ተራ በተራ ያርሳሉ። መቀናጆ ጥሩ ነው፤ በሬ የሌለው ጥማድ ያገኝበታል። ችግሩ የሚመጣው ዝናቡ ለሁለቱም ማሳ በአንድ ቀን ሲወርድ ነው። ያን ዕለት ማን ይቀድማል?

ዛሬ በዓለም ከተፈረሙ የጦር መሣሪያ ውሎች ሁሉ ትልቅ ከሚባሉት አንዱ በዚህ ጥያቄ ላይ ቆሟል። ውሉ የአውስትራሊያ ነው። ገበያዋን ያጣችው ደግሞ ያችው ላሊበላን የጎበኘችው ፈረንሳይ ናት።

የፈረሰው ውል

አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2016 አሥራ ሁለት በናፍጣና በባትሪ የሚሠሩ ባሕር ሰርጓጅ መርከቦችን እንዲሠራላት የፈረንሳይን የመርከብ ኩባንያ መረጠች። በመጀመሪያ 50 ቢሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር የተባለው ግምት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ 90 ቢሊዮን አሻቀበ። መስከረም 5 ቀን 2014 ዓ.ም. አውስትራሊያ፣ ብሪታኒያና አሜሪካ "ኦከስ" የተባለውን የጋራ ስምምነት ይፋ ሲያደርጉ የፈረንሳዩ ውል ተሰረዘ። ፓሪስ አምባሳደሮቿን ከዋሽንግተንና ከካንቤራ ጠራች። አውስትራሊያም ከወራት በኋላ ለፈረንሳዩ ኩባንያ 555 ሚሊዮን ዩሮ ካሳ ለመክፈል ተስማማች። አንድም መርከብ ሳትረከብ ማለት ነው።

በአዲሱ ዕቅድ አውስትራሊያ የምታገኘው በኑክሌር ኃይል የሚንቀሳቀሱ መርከቦችን ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። በኑክሌር መንቀሳቀስና ኑክሌር መታጠቅ አንድ አይደሉም። አውስትራሊያ የኑክሌር ቦምብ እንደማትታጠቅ አስታውቃለች። ኑክሌሩ የሚያገለግለው ለሞተሩ ነው።

የናፍጣው ሰርጓጅ መርከብ ውኃ ውስጥ የሚጓዘው በባትሪ ነው። ባትሪው ሲያልቅ ሞተሩን አስነስቶ ለመሙላት አየር ስለሚያስፈልገው ወደ ላይኛው የውኃ ክፍል ይቀርባል፤ በዚያን ጊዜ ለጠላት ዓይን ይጋለጣል። የኑክሌሩ መርከብ ግን ከሬአክተሩ በሚያገኘው ሙቀት እንፋሎት ፈጥሮ ተርባይን ያዞራል። አየርም ነዳጅም አይጠይቅም። ሠራተኞቹ የሚበሉት ስንቅ እስካለ ድረስ ለወራት ከውኃ በታች ይቆያል። አውስትራሊያ ከምትረከባቸው መርከቦች ጋር የሚመጣው የኑክሌር ነዳጅ ለመርከቡ ዕድሜ ሙሉ፣ ከ30 ዓመት በላይ እንዲበቃ ሆኖ የተዘጋጀ ነው።

ጥቅሙና አጥሩ እዚሁ ላይ ይገናኛሉ። ሬአክተሩ የሚመጣው ታሽጎ ነው። አውስትራሊያ ነዳጁን አታበለጽግም፣ ሬአክተሩንም አትሠራም። አንድ የላሊበላ ሆቴል ባለቤት ለ30 ዓመት የሚበቃ ነዳጅ በውስጡ የታሸገበት ጄኔሬተር ቢገዛ በየሳምንቱ በርሜል ፍለጋ ከመሄድ ይገላገላል። ሆኖም የሞተሩን ልብ የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ነው። ገዢው ከናፍጣ ወረፋ ወጥቶ ለ30 ዓመት ከሻጩ ደጅ አይጠፋም።

ገንዘቡና ወረፋው

መጋቢት 4 ቀን 2015 ዓ.ም. ሦስቱ መንግሥታት በአሜሪካዋ ሳንዲያጎ ዝርዝሩን አስታወቁ። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከ2030ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ሦስት "ቨርጂኒያ" የተባሉ የአሜሪካ ሰርጓጅ መርከቦችን ትገዛለች፤ ካስፈለገም ሁለት ልትጨምር ትችላለች። ከዚያ በኋላ ከብሪታኒያ ጋር በጋራ የተነደፈ አዲስ ዓይነት መርከብ አዴላይድ ከተማ ውስጥ ትሠራለች። እስከ 2050ዎቹ አጋማሽ የሚወጣው ገንዘብ ከ268 እስከ 368 ቢሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ተገምቷል። ከፍተኛው ግምት ለ32 ዓመታት ቢካፈል በየዓመቱ ከ11 ቢሊዮን በላይ ይደርሳል።

ገንዘብ መኖሩ ግን መርከብ መኖሩን አያረጋግጥም። የአሜሪካ መርከብ ሠሪዎች ለራሳቸው ባሕር ኃይል በዓመት ሁለት ሰርጓጅ መርከብ እንዲያስረክቡ ቢጠበቅም ሲያደርሱ የቆዩት አንድ ከሩብ ያህል ነው። የአውስትራሊያን ድርሻ ለመሸፈን ደግሞ ከሁለት በላይ ማምረት ይኖርባቸዋል። ስለዚህ አውስትራሊያ የሻጩን ፋብሪካ ለማጠናከር 3 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር ለመክፈል ተስማምታ የመጀመሪያውን 500 ሚሊዮን እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 አስረከበች። ደንበኛው ልብስ ለማሰፋት የልብስ ሰፊውን መኪና አብሮ ገዛ እንደማለት ነው።

ይህም ሆኖ በአሜሪካ ሕግ መሠረት መርከቦቹ ከመሸጣቸው በፊት ፕሬዚዳንቱ ሽያጩ የአሜሪካን የባሕር ውስጥ ኃይል እንደማያዳክም ማረጋገጥ አለባቸው። የመቀናጆው ጥያቄ ይኸው ነው። ዝናቡ ሲመጣ፣ ማለትም ሁለቱም መርከብ በሚፈልጉበት ቀን፣ የትልቁ በሬ ባለቤት የራሱን ማሳ ያስቀድማል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 የአሜሪካ መከላከያ መሥሪያ ቤት ስምምነቱን እንደገና መመርመር ሲጀምር ካንቤራ ላይ የታየው ሥጋትም ከዚህ የመነጨ ነበር። በጥቅምት ወር ፕሬዚዳንት ትራምፕ ዕቅዱ እንደሚቀጥል ቢያረጋግጡም፣ መርከቦቹ በሚደርሱበት ዘመን ዋይት ሐውስ ውስጥ የሚቀመጡት ሌላ ሰው ናቸው።

የኢትዮጵያ ደብተር

ኢትዮጵያ ሰርጓጅ መርከብ ኖሯት አያውቅም። ባሕር ኃይል በወዳጅ አገር ትከሻ የመገንባት ልምድ ግን አላት፤ ሒሳቡንም ከፍላለች።

ኤርትራ በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር በተዋሐደችበት በ1945 ዓ.ም. ኢትዮጵያና አሜሪካ ወታደራዊ ስምምነት ፈረሙ። አሜሪካ አሥመራ ላይ የቃኘው ጣቢያን አገኘች፤ ኢትዮጵያም መሣሪያና ሥልጠና አገኘች። በ1940ዎቹ መጨረሻ ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ሠፈር፣ አሥመራ ላይ የባሕር ኃይል ኮሌጅ ተቋቋመ፤ የኖርዌይ መኮንኖችም በማሠልጠን ተሳተፉ። በ1954 ዓ.ም. የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ሥሪት የሆነች የአሜሪካ መርከብ "ኢትዮጵያ" ተብላ የባሕር ኃይሉ ዋና መርከብ ሆነች።

በ1969 ዓ.ም. ደርግ ከአሜሪካ ጋር ተቆራረጠ፤ ቃኘውም ተዘጋ። ወዳጁ ሲሄድ መለዋወጫውም አብሮ ሄደ። ቦታውን የተካችው ሶቪየት ኅብረት መርከቦች ስትሰጥ በዳህላክ ደሴቶች፣ ኖክራ ላይ ለራሷ መርከቦች ማረፊያ አገኘች። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ ከመንግሥት እጅ ወጣች። በግንቦት 1983 የቀሩት መርከቦች ሠራተኞቻቸውን ይዘው ወደ የመን፣ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ጅቡቲ ሸሹ። ጅቡቲ የቆሙትም ላልተከፈለ የወደብ ሒሳብ ሲባል እ.ኤ.አ. በ1996 ለጨረታ ቀረቡ። የአርባ ዓመት ባሕር ኃይል በኪራይ ዕዳ ተዘጋ።

በ2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ ባሕር ኃይል እንደገና የመገንባት ሐሳብ አነሡ፤ የመጋቢት 2011 የፈረንሳይ ስምምነትም ተከተለ። ሆኖም ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ በ2013 ክረምት፣ ጦርነቱ ሲባባስ ፈረንሳይ ወታደራዊ ትብብሩን አገደች። በዚያው ክረምት፣ ሐምሌ 29 ቀን፣ የትግራይ ኃይሎች ላሊበላን ያዙ። ኢትዮጵያ ውስጥ የጦርነት ዝናብ በወረደበት ሰዓት ፓሪስ በሬዋን ፈትታ ወሰደች። ፈረንሳይ የራሷ ምክንያት ነበራት፤ ቁም ነገሩ ምክንያቱን የሚመዝነው ሻጩ ብቻ መሆኑ ላይ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደግሞ ያችው ፈረንሳይ በተራዋ በአውስትራሊያ ተተወች።

ለላስታ ገበያ ምን ይለዋል?

ባሕር ኃይል ያስፈልጋል የሚሉ ወገኖች መከራከሪያ ቀላል አይደለም። ከኢትዮጵያ የውጭ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። ላሊበላ የሚደርሰው ነዳጅ፣ ማዳበሪያ፣ ጎማና መለዋወጫ ከጅቡቲ ተነሥቶ በጋላፊና በሚሌ አድርጎ፣ በወልድያና በጋሸና በኩል ዳገቱን ይወጣል። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2023 ጀምሮ የየመን ሁቲዎች በቀይ ባሕር መርከቦችን ሲያጠቁ ብዙ የመርከብ ድርጅቶች በደቡብ አፍሪካ ዞሩ፤ የጭነትና የመድን ዋጋም ናረ። ባሕር ላይ የተተኮሰ ሚሳይል በላስታ ማሳ ላይ በማዳበሪያ ዋጋ ይወርዳል።

የተቃራኒው ወገን መከራከሪያም ይደመጥ። መርከብ ከመግዛት በፊት የሚያርፍበት ወደብ ይቀድማል። ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ከሶማሌላንድ ጋር የተፈረመው የመግባቢያ ሰነድ 20 ኪሎ ሜትር የባሕር ዳርቻ ለ50 ዓመት ስለመከራየት ነበር። ሰነዱ ከሶማሊያ ጋር ቅራኔ አስነሥቶ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 በቱርክ ሸምጋይነት የአንካራው መግለጫ ወጣ። ወደብ ሳይኖር የሚገዛ መርከብ ዕጣው የ1996ቱ ጨረታ ነው።

የላሊበላ ሰው ለዚህ ክርክር ከባሕር የማይተናነስ ምሳሌ ከራሱ ደጅ አለው። በ2000 ዓ.ም. በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ፣ በጣሊያን ባለሙያዎች ንድፍ አራት ግዙፍ መጠለያዎች በአብያተ ክርስቲያናቱ ላይ ተተከሉ። ለጊዜው የተባሉ ነበሩ። በ2011 መጀመሪያ ነዋሪው መጠለያዎቹ ቅርሱ ላይ ይወድቃሉ ብሎ ሰልፍ ሲወጣ የታየው ነገር፣ ባለቤቱ በእጁ ሊያነሣው የማይችለውን ነገር መቀበሉ ነው። ለመትከል የውጭ ባለሙያ አስፈልጎ ነበር፤ ለማንሣትም የውጭ ባለሙያ ይጠየቃል። የታሸገው ሬአክተርም ከዚህ አይለይም።

በአንፃሩ ከዚያው የመጋቢት 2011 ቃል የተወለደው በፈረንሳይ ድጋፍ የሚካሄደው የቅርስ ጥበቃ ሥራ፣ ወታደራዊው ትብብር ሲታገድ አብሮ አልሞተም። አንዱ ልዩነት ሀብቱ የሚገኝበት ቦታ ነው። ድንጋዩ ላሊበላ ነው፤ በጥበቃ ሙያ የሚሠለጥነውም የአካባቢው ሰው ነው። አጋሩ ቢሄድ እውቀቱ አይሄድም።

ከውል በፊት የሚጠየቁ

ከአውስትራሊያም ሆነ ከኢትዮጵያ ደብተር የሚወጡት ጥያቄዎች አራት ናቸው። ሀብቱ የሚያርፍበት ቦታ የማን ነው? ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? ሻጩ ሐሳቡን ቢለውጥ ካሳው ስንት ነው? ውሉ ሲያልቅ በአገር ውስጥ የሚቀረው እውቀት ምንድን ነው?

ጥያቄዎቹ ለመርከብ ብቻ አይደሉም። መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ሩሲያ በኢትዮጵያ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ለመገንባት የሚያስችል የድርጊት መርሐ ግብር ሞስኮ ላይ ተፈራርመዋል። የዚህ ዓይነቱ ጣቢያ ዕድሜ ከአንድ ትውልድ በላይ ስለሆነ አራቱም ጥያቄዎች ከወዲሁ መልስ ይሻሉ።

አውስትራሊያ ሀብታም ናት፤ 555 ሚሊዮን ዩሮ ከፍላ ሌላ በሬ ልትፈልግ ችላለች። ለድሃ አገር የፈረሰ መቀናጆ ያመለጠ የዘር ወቅት ነው። ስለዚህ ውሉ ላይ ከመርከቡ ዋጋ በፊት መጻፍ ያለበት፣ ዝናብ በወረደ ቀን ማን እንደሚቀድም ነው።