ቲ ሕዋሳትና የፈንገስ በሽታ፦ የሰውነት መከላከያ ኃይል እንዴት ይመጠናል?

በሥነ ሕይወት ትምህርት ስለ ሰውነት በሽታን የመከላከል ኃይል ሲነገር፣ ነጭ የደም ሕዋሳት እንደ ወታደር፣ ተሕዋስያን ደግሞ እንደ ጠላት ሆነው መቅረባቸው የተለመደ ነው። ይህ አገላለጽ ለመነሻ ያህል የሚጠቅም ቢሆንም ተማሪውን አንድ የተሳሳተ ግምት ሊያስጨብጠው ይችላል፤ ይኸውም የመከላከያው ኃይል በበረታ ቁጥር ጤና የዚያኑ ያህል ይጠበቃል የሚለው ነው። የፈንገስ በሽታዎች ይህን ግምት ለማረም ጥሩ አብነት ይሆናሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ቲ ሕዋሳት የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ይህን ኃይል እንዴት እንደሚያነሣሡና እንደሚገቱ ማስረዳት፣ ዕውቀቱም ለክፍል ትምህርትና ለተማሪዎች ጤና ያለውን ጥቅም ማመልከት ነው።

የቲ ሕዋሳት ምንጭና የሥራ ክፍፍል

ቲ ሕዋሳት የሚመነጩት ከአጥንት መቅኔ ሲሆን፣ የሚበስሉት ከደረት አጥንት በስተኋላ በሚገኘው ታይመስ በተባለው የሰውነት ክፍል ነው፤ «ቲ» የሚለው ስያሜም ከዚሁ የተወሰደ ነው። የታይመስን ተግባር ዣክ ሚለር የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1961 ገልጿል።

ፈንገስ ወደ ሰውነት ሲዘልቅ፣ ዴንድሪቲክ የተባሉት ቃፊር ሕዋሳት የፈንገሱ ግድግዳ ከተሠራባቸው የስኳር ውሁዶች ለይተው ያውቁታል፤ ከዚያም ቁራጩን በአቅራቢያው ወዳለው የሊምፍ እጢ ወስደው ለቲ ሕዋሳት ያሳያሉ። ከዚህ በኋላ ሲዲ4 የተባሉት ቲ ሕዋሳት በልዩ ልዩ ተግባር ይሰማራሉ። ከእነዚህም ዋና ዋናዎቹ ሦስት ናቸው።

አንደኛው ወገን ኢንተርፌሮን ጋማ የተባለውን መልእክት አድራሽ ንጥረ ነገር በማመንጨት፣ ማክሮፋጅ የተባሉት በላተኛ ሕዋሳት የዋጡትን ፈንገስ እንዲገድሉ ያነቃቸዋል። ሁለተኛው ወገን ኢንተርሊውኪን 17 ያመነጫል፤ ይህም ኒውትሮፊል የተባሉትን ሕዋሳት ወደ ቦታው ይጠራል፣ ቆዳና የአፍ ውስጥ ሽፋንም ፀረ ፈንገስ ፕሮቲን እንዲያወጡ ያደርጋል። ሦስተኛው ወገን ገቺ ቲ ሕዋሳት ናቸው። እነዚህም ኢንተርሊውኪን 10 በመሳሰሉት ንጥረ ነገሮች አማካይነት የተነሣሣውን ኃይል ያበርዳሉ። ገቺዎቹን ሺሞን ሳካጉቺ እ.ኤ.አ. በ1995 ለይቶ አሳወቀ፤ ሜሪ ብራንኮና ፍሬድ ራምስደል በ2001 ፎክስፒ3 የተባለውን ዘረመል ለይተው ጥቅሙን ካሳዩ በኋላ፣ የገቺዎቹ መፈጠር በእርሱ ላይ የተመሠረተ መሆኑ ታወቀ። ሦስቱም በ2025 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ኃይሉ ሲያንስና ሲበዛ

እንጀራ ጋጋሪ እሳቱ ሲደክም እንጀራው ከምጣዱ አልነሣ እንደሚላት፣ ሲበረታም እንደሚያርርባት ሁሉ፣ የመከላከያ ኃይልም ማነሱም ሆነ መብዛቱ ጉዳት ያስከትላል።

በመጀመሪያ የማነሱን ምሳሌ እንመልከት። ካንዲዳ የተባለው የእርሾ ዓይነት በብዙ ጤነኛ ሰዎች አፍና አንጀት ውስጥ ጉዳት ሳያደርስ ይኖራል። ኤች አይ ቪ የሲዲ4 ሕዋሳትን ሲያመናምን ግን ይኸው እርሾ ተራብቶ አፍን በነጭ ልባስ ይሸፍናል። እንዲሁም የኢንተርሊውኪን 17 ሥራ በውርስ ምክንያት የተጓደለባቸው ሰዎች ከሕፃንነታቸው ጀምሮ በማያባራ የካንዲዳ በሽታ እንደሚሠቃዩ እ.ኤ.አ. በ2011 ተረጋግጧል።

ስለ መብዛቱ ደግሞ ክሪፕቶኮከስ በተባለው ፈንገስ የሚመጣው የማጅራት ገትር ምስክር ነው። በሽታው የያዘው ሰው የኤች አይ ቪ መድኃኒት ወዲያው ቢጀምር፣ ተዳክሞ የነበረው የመከላከያ ኃይል በድንገት አገግሞ በአንጎል ዙሪያ ብርቱ ብግነት ሊያስነሣ ይችላል። በኡጋንዳና በደቡብ አፍሪካ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ጥናት፣ በ26 ሳምንት ውስጥ መድኃኒቱን ቀድመው ከጀመሩት 45 ከመቶ፣ አምስት ሳምንት ያህል ከቆዩት 30 ከመቶ ሞተዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም በዚህ በሽታ ጊዜ ፀረ ፈንገሱ ሕክምና አስቀድሞ ተጀምሮ፣ የኤች አይ ቪው መድኃኒት ከ4 እስከ 6 ሳምንት እንዲዘገይ ይመክራል።

በትምህርት ቤት የሚታየው አብነት

ለመምህሩ ይበልጥ ቅርብ የሆነው ምሳሌ ቆረቆር ነው። ይህ የራስ ቆዳ ፈንገስ በአንዱ ልጅ ላይ ሳያሳብጥ ጠጉሩን ብቻ ያረግፋል፤ በሌላው ላይ ግን ኬርዮን የተባለውን፣ የሚያምና መግል የቋጠረ እብጠት ያስከትላል። እብጠቱ በአብዛኛው ሰውነት ለፈንገሱ የሰጠው ከልክ ያለፈ ምላሽ ነው። ሕክምናው ከዘገየ ጠባሳ ትቶ ጠጉሩ ዳግመኛ እንዳይበቅል ሊያደርግ ይችላል። ተራ እባጭ መስሎ መበጣቱ አይጠቅምም፤ ቅባት ብቻውንም አይበቃም። ልጁ ወደ ጤና ጣቢያ ተልኮ በአፍ የሚወሰድ ፀረ ፈንገስ መድኃኒት ማግኘት አለበት። ሕክምናውን ከጀመረ በኋላ ከትምህርት ገበታ የሚታገድበት ምክንያት የለም፤ ማበጠሪያና ቆብ ከሌሎች ጋር እንዳይዋዋስ ማድረግ ግን ተገቢ ነው።

ከዚህ በላይ ከተገለጸው በመነሣት ሁለት ሐሳቦች ይቀርባሉ። መምህሩ የወታደሩን ምሳሌ ካስተማረ በኋላ፣ ተማሪዎች «ያነሰ»፣ «የተመጠነ» እና «የበዛ» የሚል ሠንጠረዥ አውጥተው ከላይ የተጠቀሱትን በሽታዎች በየረድፋቸው እንዲመድቡና ምክንያቱን እንዲያስረዱ ቢያደርግ፣ ትምህርቱ ከቃል ጥናት ወደ ማስተዋል ይሸጋገራል። የትምህርት ዕቅድ አውጪዎችም የቆረቆርን ምልክትና ወደ ሕክምና የመላኪያውን ሥርዓት በመምህሩ መምሪያ ቢያካትቱ፣ አንድ ልጅ በሚድን በሽታ ምክንያት ጠጉሩንም ሆነ የትምህርት ጊዜውን እንዳያጣ ይረዳል።