ያውቁ ኖሯል? ቀለሙ ሳይደርቅ የተሸጠው ሥዕል

በፍሎሪዳዋ ፎርት ፒርስ ከተማና በአካባቢዋ የነበሩ ጥቁር አሜሪካውያን ወጣት ሠዓሊዎች፣ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የአገራቸውን መልክዓ ምድር በዘይት ቀለም እየሣሉ በ25 ዶላር ገደማ ይሸጡ ነበር። ዘመኑ የዘር መድልዎ ዘመን በመሆኑ የጋለሪዎች በር ዝግ ሆነባቸው። እነሱ ግን ሥራቸውን ቀለሙ ሳይደርቅ መኪና ላይ ጭነው በአውራ ጎዳናው ዳር፣ በየሱቁ፣ በየባንኩና በየሐኪም ቤቱ እያዞሩ ቸበቸቡት።

የሚሥሉት በአብዛኛው ሸራ ላይ ሳይሆን ለቤት ግንባታ በሚውል፣ ከተጨመቀ ወረቀት በተሠራ አፕሰን ቦርድ ላይ ነበር። ፍሬሙንም ለበርና ለጣሪያ ጠርዝ ከሚሠራ ጣውላ ራሳቸው ቆርጠው ይመቱት ነበር። ከሠዓሊዎቹ አንዱ የነበረው አልፍሬድ ሄር ብዙ ሰሌዳዎችን ጎን ለጎን ደርድሮ መጀመሪያ የሁሉንም ሰማይ፣ ቀጥሎ ውሃውን፣ ከዚያ ዛፉን ይቀባ ነበር። ፍጥነቱ ሥዕሉን አላረከሰውም፤ እንዲያውም እሳት የመሰለው የፖይንሲያና ዛፍ ሕይወት የዘራው በእጁ ቅልጥፍና ነው እላለሁ።

ሄር በ1970 ገና በ29 ዓመቱ ተገደለ። ሠዓሊዎቹ ዛሬ የሚታወቁበት «ሃይዌይመን» የተሰኘው ስም የወጣላቸው በ1990ዎቹ ነው። በ2004 ብቸኛዋን ሴት ሜሪ አን ካሮልን ጨምሮ 26ቱ ሠዓሊዎች በፍሎሪዳ የአርቲስቶች የክብር መዝገብ ሰፈሩ።

አሁን ሰብሳቢዎች ለአንድ ሥዕል በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይከፍላሉ። ይሁን እንጂ ሥዕሉ ያረፈበት ሰሌዳ የወረቀት ዘር ስለሆነ እርጥበት ሲነካው ጠርዙ ያብጣል፤ ልምድ ያለው ገዢ ሥዕሉን ገልብጦ ጀርባውንና ማዕዘኑን ሳያይ ገንዘብ አያወጣም።