ዝምተኛው አምበል

የእግር ኳስ ነገር በዚህ መጽሔት ገጽ ላይ ሲነሣ ቅር የሚላቸው ወላጆች መኖራቸውን እናውቃለን። ልጇ ከትምህርት ቤት መልስ ጫማውን ጨርሶ፣ ጕልበቱን ልጦ ሲገባ የምታይ እናት ስለ ኳስ የሚጻፍ ምስጋና ባትሻ አይፈረድባትም። የዛሬው ወሬያችን ግን፣ በኳሱ ሰበብ፣ ቤት ሲታመስና ጎረቤት ሁሉ ጣቱን ሲቀስር በደጁ ላይ ስለሚቆም አንድ ታላቅ ሰው ነው። ሰውየው ኢጣልያዊው በረኛ ዲኖ ዞፍ ነው። ዘመኑንም የምንጽፈው በእኛው አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስታውስልን።

ዞፍ የካቲት 21 ቀን 1934 ዓ.ም. በሰሜን ምሥራቅ ኢጣልያ፣ በፍሪዩሊ ምድር፣ ማርያኖ በምትባል የገበሬዎች መንደር ተወለደ። ዐሥራ አራት ዓመት ሲሆነው ኢንተርና ዩቬንቱስ የተባሉት ታላላቅ ክለቦች ፈትነውት፣ ቁመቱ አጭር ነው ብለው መለሱት። አያቱም የልጁ ነገር አንገብግቧቸው በየቀኑ ስምንት እንቍላል ያበሉት ጀመር ይባላል። እንቍላሉ ይሁን ዕድሜው፣ ልጁ በጥቂት ዓመት ውስጥ ተመዝዞ ረጅም ጐልማሳ ሆነ። እኛ ስለ እንቍላሉ አንመሰክርም፤ የአያትን ጽናት ግን እናምናለን።

አባቱ ልጃቸው በእጁ ሙያ እንዲኖረው ስለ ፈለጉ የመካኒክነት ሥራ ተማረ። አንድ ቀን ጎል ገብቶበት ሲመለስ፣ ሰውየው ይመታል ብዬ አልጠበቅኹም ብሎ ቢያመካኝ፣ አባቱ ታዲያ ሥራህ ምንድር ነው፣ መድኀኒት ሻጭ ነህን ብለው ጠየቁት ይባላል። የበረኛ ሥራው መጠበቅ ነውና ልጁ መልስ አላገኘም። በመስከረም 1954 ዓ.ም. በኡዲኔዜ ክለብ ለመጀመሪያ ጊዜ ከታላላቆቹ ጋር ሲሰለፍ ፊዮሬንቲና አምስት ጎል አገባበት። ያን ቀን ማመካኛ ፈልጎ እንደ ሆነ አልተጻፈም፤ የአባቱን ነገር ለሰማ ሰው ግን ፈለገ ለማለት ይከብዳል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ፈጥነን እንለፈው። በ1960 ዓ.ም. ከአገሩ ቡድን ጋር የአውሮፓን ዋንጫ አገኘ። በ1964 ዓ.ም. ቀድሞ አጭር ነህ ብሎ የመለሰው ዩቬንቱስ ራሱ ፈልጎ ወሰደው። ከ1965 ዓ.ም. መጀመሪያ እስከ ሰኔ 1966 ዓ.ም. ድረስ ለአገሩ በቆመባቸው ጨዋታዎች 1142 ደቂቃ አንድም ጎል ሳይገባበት ቆየ። ይህንንም የቈረጠው የሃይቲው ተጫዋች ኤማኑኤል ሳኖን ነው።

ነገሩ የሚከብደው ሰውየው ዕድሜው ከገፋ በኋላ ነው። በሰኔ 1970 ዓ.ም. በአርጀንቲና በተደረገው የዓለም ዋንጫ ዞፍ የሠላሳ ስድስት ዓመት ሰው፣ የቡድኑም አምበል ነበር። ኢጣልያ መልካም ተጫውታ አራተኛ ሆነች። ይሁን እንጂ የሆላንዱ አሪ ሃን፣ ብራዚላውያኑ ኔሊኞና ዲርሴው ከሩቅ የመቷቸው ኳሶች ከመረብ ስላረፉ፣ ጥፋቱ ሁሉ በበረኛው ዐይን ተሳበበ። ዐይኑ ደክሟል፣ ከሩቅ አያይም፣ ይበቃዋል ተባለ። በየቤታችንም እንዲህ ነው፤ ከአዛውንት እጅ ብርጭቆ ሲወድቅ አረጁ ይባላል፤ ወጣቱ ሲሰብር ግን ብርጭቆው ቀጭን ነበር ይባላል። ዞፍ ሥራውን ቀጠለ። ከአራት ዓመት በኋላም በስፔን አገር የዚያው ቡድን አምበል ሆኖ ተገኘ፤ ያን ጊዜ አርባ ዓመት ሞልቶት ነበር።

አሠልጣኙ ኤንዞ ቤያርዞት እንደ ዞፍ የፍሪዩሊ ተወላጅ፣ ፒፓቸው ከአፋቸው የማይለይ፣ ሰው አንድ ጊዜ ካመኑ በወሬ የማይለውጡ ሰው ነበሩ። እኚህ ሰው ፓውሎ ሮሲ የተባለውን አጥቂ ይዘው መጡ። ሮሲ በ1972 ዓ.ም. የጨዋታን ውጤት በገንዘብ በማስማማት ነገር ተከሶ ሁለት ዓመት ያህል ከሜዳ ታግዶ ነበር፤ እርሱም ንጹሕ ነኝ እንዳለ ኖረ። እገዳው በሚያዝያ 1974 ዓ.ም. ሲያበቃ የዓለም ዋንጫው ሊጀመር የቀሩት ጥቂት ሳምንታት ብቻ ነበሩ። ሰውነቱ የሳሳ፣ ጨዋታ የራቀው፣ ስሙም የጐደፈ ልጅ ለምን ተመረጠ ተብሎ አገሩ ተቈጣ።

ጨዋታው ሲጀመር ቍጣው ምክንያት አገኘ። ሰኔ 7 ቀን 1974 ዓ.ም. ከፖላንድ ጋር ዜሮ ለዜሮ፣ ሰኔ 11 ቀን ከፔሩ ጋር አንድ ለአንድ፣ ሰኔ 16 ቀን ከካሜሩን ጋር አንድ ለአንድ ሆነ። ሦስቱም በቪጎ ከተማ ነበር። ካሜሩንም እንዲሁ ሦስት ጊዜ እኩል ለእኩል ስለ ወጣች ሁለቱ በነጥብ ተካከሉ፤ ኢጣልያ ሁለት ጎል፣ ካሜሩን አንድ ጎል ብቻ ስላገቡ ኢጣልያ አለፈች። ያ የአፍሪካ ቡድን በመጀመሪያው የዓለም ዋንጫው ማንም ሳያሸንፈው ወደ አገሩ መመለሱ እስከ ዛሬ ያንገበግበናል፤ እርሱ ግን ራሱን የቻለ ሌላ ወሬ ነው።

ኢጣልያ አለፈች እንጂ ደስ የሚለው ሰው አልተገኘም። ሮሲ በሦስቱም ጨዋታ አንድ ጎል አላገባም። ጋዜጦቹ አሠልጣኙን ሰደቡ፤ ተጫዋቾቹ ስለሚቀበሉት ገንዘብ ጻፉ፤ ከጨዋታውም አልፈው በዚህ ገጽ ልንደግመው የማንወደውን የግል ሐሜት አወጡ። እኛም ብዕር ይዘን የምንኖር ነንና ይህን ስንጽፍ ጥቂት እናፍራለን። ደካማ ጨዋታን ደካማ ነው ብሎ መጻፍ ሥራችን ነው፤ የወደቀውን ሰው ገበናውን እየገለጡ ገበያ ማሞቅ ግን ሌላ ነገር ነው።

ተጫዋቾቹ ተማከሩና ከእንግዲህ ከጋዜጠኛ ጋር አንነጋገርም አሉ። ስለ ሁሉም ሆኖ የሚናገር አንድ ሰው ብቻ እንዲኖር ወሰኑ፤ ያም ሰው አምበሉ ሆነ። እዚህ ላይ ያልሣቀ ጋዜጠኛ አልነበረም ማለት ይቻላል። ዞፍ በዝምታው የታወቀ ነበርና! ከአንድ ጨዋታ በኋላ ሦስት ቃል ከተናገረ ብዙ ተናገረ የሚባል ሰው፣ አሁን የሃያ ሁለት ተጫዋቾች አፍ ሆነ።

እኛ ምርጫው ብልኅነት ነበር እንላለን። ቍጡው ቢላክ ስድቡን በስድብ ይመልሳል፤ አንደበተ ርቱዑም ቢላክ አንዱን ሲያስረዳ ሌላ ጥያቄ ይወልዳል። ዝምተኛው ግን እሳቱ ላይ የሚጨምረው እንጨት አልነበረውም። ደግሞም ከአራት ዓመት በፊት ተቃጥሎ ያየ ሰው ነው። ሮሲ አበቃለት ሲባል የሰማ ጆሮ፣ ራሱ አበቃለት ሲባል ሰምቶ ነበር። የዚያን ጊዜ ስለ ራሱ ያልተከራከረው ሰው፣ አሁን ስለ ሌሎቹ በየቀኑ ጥያቄ ፊት ቀረበ። ሮሲና ጓደኞቹ ጋዜጣ ፊት ከመቆም ዐርፈው ልምምዳቸውን ያዙ።

በሰፈሩበት ቤት ዞፍ የሚያድረው ከጋኤታኖ ሺሬያ ጋር ነበር። ሺሬያ ተከላካይ ነው፤ በጠባዩም ከዞፍ የማይተናነስ ጭምት። ጓደኞቻቸው ክፍሉን ስዊስ ብለው ሰየሙት፤ ጦርነት የማይደርስበት አገር ማለታቸው ነው። እንቅልፍ እምቢ የሚለው ማርኮ ታርዴሊ ሌሊት ሌሊት ወደዚያ ክፍል እየሄደ ይቀመጥ እንደ ነበር በኋላ ተናግሯል። አንድ ሰው ሳይጠራና ሳይመክር፣ በሩን ክፍት በመተው ብቻ ሌላውን ያሳርፋል ማለት ነው።

በሁለተኛው ዙር ከአርጀንቲናና ከብራዚል ጋር ተመደቡ፤ ከሦስቱ አንዱ ብቻ ያልፋል። ሰኔ 22 ቀን አርጀንቲናን 2 ለ 1 አሸነፉ። ሮሲ አሁንም አላገባም፤ ቤያርዞት ግን አልተዉትም። ሰኔ 28 ቀን በባርሴሎና ከተማ፣ ሳሪያ በሚባለው ሜዳ፣ ብራዚል መጣች። ዚኮ፣ ሶክራተስ፣ ፋልካኦ የተሰለፉበት ያ ቡድን እኩል ለእኩል ቢወጣ እንኳ ይበቃው ነበር።

ሮሲ በአምስተኛው ደቂቃ አገባ። በዐሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ሶክራተስ የመታው ኳስ በዞፍና በቅርቡ ቋሚ እንጨት መካከል አልፎ ገባ። ለበረኛ ከዚህ የሚያሳፍር ጎል የለም፤ በዚያ በኩል እንዳይገባ ማድረግ የመጀመሪያ ትምህርቱ ነውና። የዐይኑን ነገር ለማንሣት የተዘጋጀ ሰው ያን ጊዜ አነሣው ይሆናል። ሮሲ በሃያ አምስተኛው ደቂቃ ደገመ፤ ፋልካኦ በስድሳ ስምንተኛው አስተካከለ፤ ሮሲ በሰባ አራተኛው ሠለሰ። 3 ለ 2።

ጨዋታው ሊያበቃ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ከግራ የተሻማውን ኳስ የብራዚሉ ተከላካይ ኦስካር በግንባሩ ወደ ታች ገጨው። ዞፍ ወደ ጐኑ ተወርውሮ በሁለት እጁ ከጎሉ መስመር ላይ ተጫነው። ኳሱ ከእጁ ቢያፈተልክ፣ ወይም በያዘበት አንድ ስንዝር ወደ ኋላ ቢያንሸራትት ሁሉ ነገር አበቃ። ብራዚላውያኑ ገብቷል ብለው እጃቸውን አነሡ። እርሱ ኳሱን በመስመሩ ላይ እንደ ያዘ ቆየ፤ ዳኛውም ጎል ነው አላሉም። ያን ሁሉ ጥያቄ የተቀበለው ሰው በመጨረሻው የመለሰው በእጁ ነው ብንል ከመጠን ያለፈ አይመስለንም።

ፊሽካው ሲነፋ የሆነውን የተናገሩት ቤያርዞት ናቸው። ሁሉም ሲጮኽና ሲያለቅስ አምበሉ ወደ እርሳቸው መጥቶ፣ ምንም ሳይናገር ጕንጫቸውን ስሞ አለፈ። አሠልጣኙ ከዚያ የዓለም ዋንጫ ሁሉ ልባቸውን እጅግ የነካው ያች አጭር ጊዜ እንደ ነበረች ከዓመታት በኋላ መስክረዋል። አገሩ ሁሉ በተነሣባቸው ሰዓት ከአጠገባቸው ያልራቀው ሰው፣ ሲያሸንፉ ምን ይበላቸው?

ሐምሌ 1 ቀን ፖላንድን 2 ለ 0 አሸነፉ፤ ሁለቱንም ያገባው ሮሲ ነው። ሐምሌ 4 ቀን በማድሪድ ከምዕራብ ጀርመን ጋር ለዋንጫ ቀረቡ። በዚያ ቀን በአርባ ዓመቱ በረኛ ፊት የዐሥራ ስምንት ዓመቱ ጁዜፔ ቤርጎሚ በተከላካይነት ተሰለፈ፤ በዕድሜ ልጁ ሊሆን የሚችል ነው። በመጀመሪያው ግማሽ አንቶኒዮ ካብሪኒ የፍጹም ቅጣት ምት አግኝቶ ወደ ውጭ ሰደደው። ቡድኑ ግን አልተበተነም። ከዕረፍት በኋላ ሮሲ፣ ታርዴሊና አልቶቤሊ አገቡ፤ ጀርመኖቹ አንድ መለሱ። 3 ለ 1። ሮሲ በሦስት ጨዋታ ስድስት ጎል አግብቶ የውድድሩ ከፍተኛ ጎል አግቢ ሆነ። ዞፍም ዋንጫውን ከስፔን ንጉሥ ከኹዋን ካርሎስ እጅ ተቀበለ።

በዚያች ሌሊት ጓደኞቻቸው ሲጨፍሩ ዞፍና ሺሬያ ራታቸውን በልተው ወደ ክፍላቸው ገቡ፤ ጥቂት ጠጥተው፣ ሲጋራም አጭሰው ሲያወጉ አመሹ። ሲጋራውን አናመሰግንላቸውም። በማግስቱ በአውሮፕላን ሲመለሱ የሰማንያ አምስት ዓመቱ ፕሬዚዳንት ሳንድሮ ፔርቲኒ አምበሉን ጓድ አድርገው፣ ቤያርዞትንና ፍራንኮ ካውዚዮን በካርታ ጨዋታ ገጠሙ። ዋንጫው በጠረጴዛው ላይ ከካርታው አጠገብ ቆሞ የሚታይበት ፎቶግራፍ በኢጣልያ የማያውቀው ሰው የለም። በቤተሰብ መጽሔት ላይ ካርታ ማንሣታችንን አንባቢ ይቅር ይበለን።

የኢጣልያ ፖስታ ቤት ለድሉ መታሰቢያ ያወጣውን ቴምብር የሣለው ዕውቁ ሠዓሊ ሬናቶ ጉቱዞ ነው። ሥዕሉ ዋንጫውን ከፍ አድርገው የያዙ እጆችን ያሳያል፤ የዞፍ እጆች ናቸው።

ሺሬያ ነሐሴ 28 ቀን 1981 ዓ.ም. በፖላንድ አገር በመኪና አደጋ ሞተ። ያን ጊዜ ዞፍ የዩቬንቱስ አሠልጣኝ፣ ሺሬያም ረዳቱ ነበር። ቤያርዞት በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም.፣ ሮሲም በኅዳር 2013 ዓ.ም. ዐረፉ።

ዞፍ ራሱ ከማድሪዱ ቀን በኋላ አንድ ዓመት ያህል ተጫወተ። ግንቦት 17 ቀን 1975 ዓ.ም. በአቴና ከተማ ለአውሮፓ ክለቦች ዋንጫ ዩቬንቱስ ከጀርመኑ ሃምቡርግ ጋር ተጋጠመ። ገና በዘጠነኛው ደቂቃ ፌሊክስ ማጋት ከሩቅ መትቶ አገባበት፤ ጨዋታውም በዚያች አንድ ጎል አለቀ። ጥቂት ቀናት ቆይቶ ዞፍ ጨዋታ ማቆሙን አስታወቀ። አርባ አንድ ዓመቱ ነበር።